አሰልጣኙ ሲሄድ ምን ይቀራል?



ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ በየዶርሙ የሚነሳው ጥያቄ «ዘንድሮ ዋንጫ እንበላለን ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን አይበቃም። አሰልጣኙ ሲሄድ ምን ጥሎልን ይሄዳል ብለንም መጠየቅ አለብን።

ጅማ አባ ጅፋርን እናስታውስ። ክለቡ ወደ ፕሪምየር ሊጉ ባደገበት በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ ሻምፒዮን ሆነ። አሰልጣኙ በ2011 ዓ.ም. ወደ መቐለ 70 እንደርታ ተዛውረው እዚያም በመጀመሪያ ዓመታቸው ዋንጫውን አነሱ። አንድ ጥሩ አሰልጣኝ ምን ያህል እንደሚያመጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ጅማ አባ ጅፋር ግን በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ምክንያቱ የአሰልጣኙ መሄድ ብቻ ነው አንልም። ዋንጫ ብቻውን ክለብን እንደማያቆም ግን አይተናል።

ወደ ቅርጫት ኳስ እንምጣ። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ወንዶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023/24 የውድድር ዘመን 8 ጨዋታ አሸንፎ በ24ቱ ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ዳስቲ ሜይ ዋና አሰልጣኝ ሆነው ሲመጡ 27 አሸንፎ በ10 ብቻ ተሸነፈ። ነገር ግን አሰልጣኙ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ቭላድ ጎልዲን ቀድሞ ከሚያሰለጥኑበት ፍሎሪዳ አትላንቲክ ተከትሏቸው መጣ፤ ዳኒ ዎልፍም ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ።

እኛ ጋ ይህ መንገድ የለም። ተማሪ የሚመጣው በምደባ ነው፤ አሰልጣኝ ከሌላ ግቢ ተጫዋች መርጦ ሊያመጣ አይችልም። የተመደበውም አራት ወይም አምስት ዓመት ቆይቶ ይመረቃል። ስለዚህ የእኛ አሰልጣኝ ዋና ሥራ ያገኘውን ልጅ ማስተማር ነው።

«ያላሸነፈን ቡድን ማን ያየዋል?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ድል ተመልካች ይስባል፣ ማሊያና ኳስ ለመጠየቅም አፍ ይሰጣል። ነገር ግን ለአንድ ዋንጫ ብሎ ተመራቂዎችን ብቻ የሚያሰልፍ አሰልጣኝ ቡድኑንም አብሮ ያስመርቀዋል። በመስከረም የሚመጣው ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ የዓመቱን ውጤት ስንመዝን ከነጥቡ ጎን ሌላም እንቁጠር። በደብረ ማርቆስ ብርድ ማለዳ ተነስተው ልምምድ ከጀመሩት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስንቶቹ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዘለቁ? ተቀያሪዎቹ የመጫወት ዕድል አገኙ? አምበሉ ሳይመረቅ ሥራውን የሚረከበው ልጅ ታወቀ? የልምምዱ ፕሮግራምና የጨዋታዎቹ ውጤት በጽሑፍ ተቀምጧል?

የእነዚህ መልስ ጥሩ ከሆነ፣ ቡድኑ ዘንድሮ በግማሽ ፍጻሜ ቢቀርም አሰልጣኙ ሠርቷል እንበል፤ ሌላ ዓመትም ይሰጠው። ሁለተኛ ዓመት ሆናችሁ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁም ልምምዱን አትተዉት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባላል፤ የቡድኑን ሸክም በቀጣዩ ዓመት የምትካፈሉት እናንተ ናችሁ።