የኑክሌር ቆሻሻ ዕዳ በማን ስም ይመዝገብ?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ኢትዮጵያና የሩሲያው ሮስአቶም የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚገነባበትን የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ፈርመዋል። ነጋዴው ቀድሞ የሚጠይቀው ኪሎዋት ሰዓቱ በስንት ይሸጣል ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ይሁንና ኃይሉ ተሸጦ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ያገለገለ ነዳጅ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ከሰው ርቆ መቀመጥ አለበት። የትኛውም ኩባንያ ይህን ያህል ዕድሜ የለውም።

አሜሪካ ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ አሳምራ ሠርታው ነበር። በ1982 በወጣው ሕግ መሠረት ማመንጫዎቹ በኪሎዋት ሰዓት የሴንት አንድ አሥረኛ እንዲከፍሉ፣ መንግሥት ደግሞ ከጥር 1998 መጨረሻ ጀምሮ ቆሻሻውን እንዲረከብ ውል ታሰረ። በ1987 ኮንግረሱ ሌሎቹን አማራጮች ጥሎ ኔቫዳ የሚገኘው ያካ ተራራ ብቻ እንዲጠና ወሰነ። ኔቫዳ አንድም የኑክሌር ማመንጫ የላትም። በ2002 አልቀበልም ብትልም ውሳኔዋ ተሻረ፤ ሙግቱ ግን ቀጠለ፤ ከ2010 ወዲህም ሥራው ቆመ። ዛሬ ፈንዱ ውስጥ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ አለ፤ ማከማቻ ግን የለም። መንግሥት ውሉን ባለመፈጸሙ ለኩባንያዎቹ የከፈለው ካሳ ከ10 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ያውም ከፈንዱ ሳይሆን ከግብር ከፋዩ ኪስ። በመብራት ሒሳቡ አንድ ጊዜ የከፈለ ደንበኛ በግብሩ ደግሞ ይከፍላል ማለት ነው።

ፊንላንድ ሎቪሳ ለሚገኙት ሶቪየት ሠራሽ ማመንጫዎቿ ያገለገለውን ነዳጅ እስከ 1996 ድረስ ለሻጩ ትመልስ ነበር። ለገዢ ከዚህ የሚቀል ነገር የለም። በ1994 ግን ቆሻሻው እዚያው አገር እንዲቀበር በሕግ ደነገገች። ወጪውን ኩባንያዎቹ ለመንግሥት ፈንድ አስቀድመው ይከፍላሉ፤ ቦታው ሲመረጥም የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት እምቢ የማለት መብት አለው። የኤውራዮኪ ምክር ቤት በጥር 2000 በ20 ድጋፍና በ7 ተቃውሞ እሺ አለ። እርግጥ ነው፣ ኤውራዮኪ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማመንጫ ያለበትና የንብረት ግብር የሚሰበስብ ወረዳ በመሆኑ ፈቃዱ በነፃ አልተገኘም። ቢሆንስ? ባለይዞታው ያልፈረመበት ሽያጭ የት እንደሚያደርስ ደላላ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ እዚያው ኦንካሎ የተባለው ማከማቻ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ዓለት ውስጥ ተቆፍሯል።

ሕዝብ ኑክሌርን የሚቃወመው ባለማወቁ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። የኔቫዳ ሰው ግን ያላመነው ሳይንሱን ብቻ አልነበረም፤ ሳይጠይቀው የወሰነበትንም ወገን ነበር።

ከሞስኮው ፊርማ ቀጥሎ በሚመጣው የግዢ ውል ሻጩ ያገለገለውን ነዳጅ መልሶ ይወስዳል የሚል አንቀጽ ሊገባ ይችላል። ሩሲያ ከኢራን ጋር ለቡሸህር ማመንጫ በ2005 እንዲህ ያለ ስምምነት አድርጋለች። ቢገባም፣ በስንት ዋጋ እንደሚወስድ፣ ለስንት ዓመት እንደሚወስድና አልወስድም ያለ ቀን ዕዳው የማን እንደሆነ ከታሪፉ ጋር አብሮ ይፋ መሆን አለበት።