ፍሪጇ የማን ናት?

ሐይቅ ከተማ ላይ ዓሣ የሚሸጥ ትንሽ ማኅበር ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስናቋቁም፣ ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ የቤት ዕቃ ነበር ያለን። እኔ ፍሪጅና ሚዛን አወጣሁ፤ እሱ ባጃጁን። ፍሪጇ ጋሪ ላይ ልትጫን ስትል፣ ልጃችን በሯ ላይ የለጠፈውን ሥዕል ባለቤቴ በጥፍሯ እየፈቀፈቀች አነሳችው።

ዋጋ ላይ ተጋጨን። እኔ የገዛሁበትን 30 ሺህ ብር ጠራሁ። ወንድሜ በሩን ከፈት ዘጋ አደረገና «ጋሼ፣ ላስቲኩ እኮ አይገጥምም። 20 ሺህ ይበቃታል» አለ። ከፋኝ። በኋላ ሳስበው ግን ልክ ነበር። በዓይነት የሚገባ መዋጮ ከነግምቱ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይሰፍራል፤ የተጋነነ ከሆነ ደግሞ ባለዕዳ ሆነን የምንጠየቀው እኛው ነን። ባጃጁም ቢሆን ቁልፉን በማስረከብ ብቻ አላለቀለትም፤ ሊብሬው በማኅበሩ ስም መዞር ነበረበት።

ከሦስት ወር በኋላ የእህቴ ልጅ ክርስትና ደረሰ። ባለቤቴ «ፍሪጄን ለሁለት ቀን መልሱልኝ» አለች። ወንድሜ ሳቀ። «እቴቴ፣ የማኅበሩ ናት፤ ዓሣውን የት እናድርገው?»

«በወንድማማች መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል?» የምንል ብዙዎች ነን። መጻፍ መጠራጠር ይመስለናል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ለእሱም ቢሆን የራሱ ኪስና የማኅበሩ ካዝና ለየቅል ናቸው። የሚጠራጠረው ሌላ ሰው በሌለበት እንኳ ወረቀቱ አልቀረም።

ይህ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣብን ነገር አይደለም። እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ወንጌል ለገዳሙ ሲሰጡ፣ ስጦታው እዚያው መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ሰጪው የገዳሙ አበምኔት ናቸው። ከማን ጋር ሊካሰሱ? ግን እሳቸው አልፈው መጽሐፉ እንደሚቀር ያውቁ ነበር።

ለክርስትናው ከጎረቤት ፍሪጅ ተዋስን። በማግስቱ ሱቅ ስገባ፣ ሥዕሉ የነበረበት ቦታ በሯ ላይ ነጣ ብሎ ታየኝ። እጄን ሰድጄ ዳሰስኩትና ደንበኛዬ ለጠየቀኝ አንድ ኪሎ ቆሮሶ በሩን ከፈትኩ።