ከማልያ ወደ መንበር

እግር ኳስ ተጫዋቹ ጆርጅ ዊሃ በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ የድሆች መንደር ክላራ ታውን አድገው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎንዶርን ወሰዱ። ለአፍሪካ አገር እየተሰለፈ ይህን ሽልማት ያገኘ ሌላ ተጫዋች እስካሁን የለም።

ዝናው ግን ለፕሬዚዳንትነት በተወዳደሩበት የ2005 ምርጫ አላዳናቸውም። በመጀመሪያው ዙር መርተው፣ በሁለተኛው በሃርቫርድ ምሩቋ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ተሸነፉ። ተቀናቃኞቻቸው «አልተማረም» ሲሏቸው አሜሪካ ሄደው ተማሩ፤ ኮከብነት ለጠገበ ሰው ቀላል ውሳኔ አይደለም። በ2014 ሴናተር ሆነው ተመረጡ፣ በ2018 ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በዚያው ዓመት በ51 ዓመታቸው ማልያ ለብሰው ከናይጄሪያ ጋር ተጫወቱ። ደጋፊው ጨፈረ፤ የአገሪቱ የኑሮ ውድነት ግን በጎል አይመለስም።

በ2022 አሜሪካ ሦስት ባለሥልጣኖቻቸው ላይ በሙስና ምክንያት ማዕቀብ ጣለች። በቀጣዩ ዓመት፣ ዊሃ ቀድሞ በምርጫ ያሸነፏቸው ጆሴፍ ቦአካይ በጠባብ ልዩነት ረቷቸው። ዊሃም የመጨረሻው ውጤት ሳይታወጅ ደውለው እንኳን ደስ አለዎት አሏቸው። የፖለቲካ ሕይወታቸው ትልቁ ሥራ፣ በእኔ ግምት፣ ይህ የስልክ ጥሪ ነው።