ገና በለጋነቱ የተፈረደበት ኳርተርባክ

በአሜሪካ የምትኖሩ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የኮሌጅ ፉትቦል በየቤቱ እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። እዚያው ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ ጠንቅቀው ያውቁታል። በአገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች ግን ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ይህ ጨዋታ እኛ እግር ኳስ የምንለው አይደለም። ሞላላ ኳስ በእጅ እየተወረወረና እየተያዘ የሚሮጥበት፣ ከየቡድኑ 11 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት ጨዋታ ነው። ኳርተርባክ የሚባለው የአጥቂው ወገን መሪ ነው። ኳሱ መጀመሪያ በእርሱ እጅ ይገባል፣ ለማን እንደሚወረወር የሚወስነውም እርሱ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚመሰገነው፣ ሲሸነፍ የሚወቀሰው በአብዛኛው እርሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ልናየው የምንፈልገው የአንድን ወጣት ኳርተርባክ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ የስፖርት ቢመስልም፣ ሰው ገና ያልበሰለውን ሰው እንዴት እንደሚመዝን ያሳየናል። ይህ ደግሞ በቤታችንም በቤተ ክርስቲያናችንም በየጊዜው የምናደርገው ነገር ነው።

በአራት ወር ውስጥ ሦስት ፍርድ

በኦገስት 2025 የስፖርት ጋዜጠኞች ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በሚያወጡት ደረጃ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲን ቡድን አንደኛ አደረጉት። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ለዚህ ትልቁ ምክንያት አርች ማኒንግ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ነው። አያቱ አርቺ ማኒንግ ስመ ጥር ኳርተርባክ ነበር። አጎቶቹ ፔይተንና ኢላይ እያንዳንዳቸው ሱፐር ቦውል የሚባለውን ታላቅ ዋንጫ ሁለት ሁለት ጊዜ ወስደዋል። አርች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲወጣ በአገሪቱ ካሉት እኩዮቹ ሁሉ የላቀ ተብሎ ነበር። ቴክሳስ ከገባ በኋላ ግን ሁለት ዓመት፣ ማለትም 2023ንና 2024ን፣ ክዊን ኢወርስ ከሚባለው ኳርተርባክ ጀርባ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። በዚያ ጊዜ የተጠበቀለትን ቦታ ያላገኘ ተጫዋች ወደ ሌላ ኮሌጅ መዛወር የተለመደ ሆኖ ነበር። እርሱ ግን ቆየ።

ተራው ሲደርስ የሄይስማንን ሽልማት፣ ማለትም የዓመቱን ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋችነት፣ ይወስዳል ተብሎ ከማንም በላይ ተገመተ። ነገር ግን ኦገስት 30 በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ቴክሳስ በኦሃዮ ስቴት 14 ለ 7 ተሸነፈ። አርች ከወረወራቸው 30 ኳሶች የተያዙለት 17 ብቻ ነበሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእነርሱ እጅግ ዝቅ ከሚለው ከዩቴፕ ጋር ሲጫወቱ ቡድኑ ቢያሸንፍም፣ እርሱ ከ25 ኳሶች 11 ብቻ ስላሳካ የገዛ ደጋፊዎቹ በሜዳቸው ጮኹበት። ኦክቶበር 4 በፍሎሪዳ 29 ለ 21 ሲሸነፉ አንደኛ ተብሎ የጀመረው ቡድን ከ25ቱ ምርጦች ዝርዝር ውጭ ሆነ። ያን ጊዜ ብዙ ተንታኞች፦ የተነገረለት ሁሉ በስሙ ብቻ ነበር አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኦክላሆማን 23 ለ 6 አሸነፉ። በኖቬምበር መጨረሻ እስከዚያ ቀን ያልተሸነፈውን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 27 ለ 17 ረቱ። በዲሴምበር 31 ደግሞ ሚሺጋንን 41 ለ 27 አሸንፈው ወቅቱን በ10 ድልና በ3 ሽንፈት ጨረሱ። እንደገና ምስጋናው ጎረፈ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ወጣት በኦገስት የትውልዱ ታላቅ ተባለ፣ በኦክቶበር ከንቱ ተባለ፣ በዲሴምበር ተስፋ የሚጣልበት ተባለ። በአራት ወር ውስጥ ልጁ ሦስት ሰው አልሆነም። የተለዋወጠው የፈራጆቹ ቃል ነው።

መዛኞቹ የሚያዩትና የማያዩት

የስፖርቱ መዛኞች ሰነፎች አይደሉም። ኤንኤፍኤል የሚባለው የባለሙያዎቹ ሊግ 32 ቡድኖች አሉት። ከኮሌጅ የሚወጡትን ወጣቶች በየዓመቱ ድራፍት በሚባል ምርጫ በሰባት ዙር ይከፋፈሏቸዋል። ከዚያ በፊት ወጣቶቹ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ተሰብስበው ይመዘናሉ። ቁመታቸው ይለካል፣ የእጃቸው መዳፍ ሳይቀር በኢንች ይለካል፣ 40 ያርድ በስንት ሰከንድ እንደሚሮጡ ይያዛል። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በ12 ደቂቃ 50 ጥያቄ የሚመልሱበት የአእምሮ ፈተናም ነበረ።

ይህ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ችግሩ ግን ለኳርተርባክ ዋና የሆነው ነገር በሜትርና በሰዓት የማይያዝ መሆኑ ነው። ግዙፍ ሰዎች ሊጥሉት እየሮጡ ሲመጡበት ሦስት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሜዳውን አይቶ ይወስናል ወይ? ኳሱ ከተጠለፈበት በኋላ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይፈራ ይወረውራል ወይ? የጓደኞቹን ስህተት በራሱ ላይ ይወስዳል ወይ? እነዚህ የሚታወቁት በጊዜና በመከራ ብቻ ነው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ኳርተርባክ ብቻውን አይጫወትም። ከፊቱ አምስት ሰዎች ቆመው ይከላከሉለታል። በ2025 ከአርች ፊት የቆሙት አብዛኞቹ አዲስ ነበሩ፤ ያለፈው ዓመት ነባሮቹ ሄደው ነበርና። ከፊቱ ያለው አጥር ሲፈርስ የሚወድቀው እርሱ ነው፤ ተመልካችም የሚያየው የወደቀውን እንጂ የፈረሰውን አጥር አይደለም።

ሚዛኑ የሠራበትና የሳተበት ጊዜ

በ1998 ድራፍት አንደኛና ሁለተኛ የተመረጡት ሁለቱም ኳርተርባኮች ነበሩ። አንደኛው የአርች አጎት ፔይተን ማኒንግ፣ ሁለተኛው ራያን ሊፍ። ከድራፍቱ በፊት ማን ይቀድማል የሚለው ብዙ ያከራከረ ነበር። ፔይተን ከዘመኑ ታላላቆች አንዱ ሆነ። ሊፍ ግን በአራት የውድድር ዓመት ውስጥ ጨዋታው አበቃ፤ ከዚያም በመድኃኒት ሱስ ተይዞ እስር ቤት እስከመግባት ደረሰ። በኋላ ከሱሱ ተላቅቆ ሌሎችን የሚያስጠነቅቅ ሰው ሆኗል። መዛኞቹ የሁለቱንም ክንድ በትክክል ለክተው ነበር። ከሁለቱ አንዱ ክብደቱን እንደማይሸከም ግን ሚዛኑ አልነገራቸውም።

በ2000 ቶም ብሬዲ 40 ያርዱን በ5.28 ሰከንድ ሮጠ፤ ቀርፋፋ የሚያሰኝ ነው። ስድስት ኳርተርባኮች ከተመረጡ በኋላ በስድስተኛው ዙር 199ኛ ሆኖ ተመረጠ። ሰባት ሱፐር ቦውል ወስዶ ነው ጨዋታ ያቆመው።

አርች በተፈተነበት በዚያው በ2025 ወቅት የሄይስማንን ሽልማት የወሰደው ፈርናንዶ ሜንዶዛ ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ ታላላቆቹ ቡድኖች ያልተሻሙበት፣ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ኢንዲያና የተዛወረ ወጣት ነው። ኢንዲያና በፉትቦል ለብዙ ዘመን የሽንፈት ምሳሌ የነበረ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በጃኑዋሪ 2026 በእርሱ መሪነት የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ስለዚህ መደምደሚያችን ሚዛን አያስፈልግም የሚል አይደለም። ፔይተን አንደኛ ተብሎ አንደኛ ሆኗል። የምንለው፥ ገና በለጋ ዕድሜው ያለን ሰው ስንመዝን ፍርዳችን ጊዜያዊ መሆኑን አንርሳ ነው። ተስፋ አለው ማለትና ደርሷል ማለት ለየብቻ ናቸው። ዛሬ ወደቀ ማለትና አለቀለት ማለትም እንዲሁ።

እምነትን ከውጤት ጋር አናያይዝ

እዚህ ላይ እኛ አማኞች የምንሳሳትበትን አንድ ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ። በ1ሳሙ. 16፥7 እግዚአብሔር ለሳሙኤል የነገረውን ሁላችን እናውቃለን፦ ሰው በዓይን በሚታየው ይቆማል፣ እግዚአብሔር ግን ወደ ልብ ዘልቆ ያያል። ይህን ቃል ይዘን፦ የተናቀው ሁሉ ያሸንፋል፣ አማኝ ከሆነ ደግሞ በእርግጥ ከፍ ይላል እያልን እንሰብካለን። ቃሉ ግን እንዲህ አይልም።

ብሮክ ፐርዲን ተመልከቱ። በ2022 ድራፍት ከሁሉም መጨረሻ 262ኛ ሆኖ ተመረጠ። በክርስቶስ ያለውን እምነት በግልጽ የሚናገር ወጣት ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ቡድኑን ይዞ ሱፐር ቦውል ደረሰ፣ በ2025 ደግሞ የ265 ሚሊዮን ዶላር የአምስት ዓመት ውል ፈረመ። ብዙዎች እምነቱ ከፍ አደረገው አሉ። ነገር ግን ያንን ሱፐር ቦውል ተሸንፏል። ታዲያ በዚያች ምሽት እምነቱ ጎደለ እንበል?

ቲም ቲቦውንም አስቡ። ከሚሲዮናውያን ወላጆች በፊሊፒንስ የተወለደ፣ በ2007 የሄይስማንን ሽልማት የወሰደ፣ የዮሐንስ 3፥16ን ጥቅስ ከዓይኑ ሥር ጽፎ የተጫወተ ሰው ነው። በጃኑዋሪ 2012 በአንድ ትልቅ ጨዋታ 316 ያርድ ወርውሮ ሲያሸንፍ፣ ቁጥሩ ራሱ ከሰማይ የመጣ ምልክት ነው ያሉ ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቡድኑ ፔይተን ማኒንግን አስመጥቶ እርሱን ለሌላ ቡድን ሰጠው። ከ2012 ወቅት ወዲህም በኤንኤፍኤል መደበኛ ጨዋታ አልተሰለፈም። ጌታን ግን አልተወም። በስሙ ያቋቋመው ድርጅት ከ2015 ጀምሮ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ሰዎች በአብያተ ክርስቲያናት የሚከበሩበትን ምሽት በየዓመቱ ያዘጋጃል። መዛኞቹ ለኳርተርባክነት አይበቃም ያሉት ምናልባት ልክ ነበሩ። ለእግዚአብሔር መንግሥት የሚሆነውን ግን እነርሱ ሊለኩት አይችሉም ነበር።

እግዚአብሔር ልብን ያያል ማለት እንግዲህ ማን እንደሚያሸንፍ በምስጢር ይነግረናል ማለት አይደለም። እርሱ የሚፈልገው እኛ ከምንለካው ሌላ ነው ማለት ነው። የእግዚአብሔር ነቢይ የነበረው ሳሙኤል እንኳ ኤልያብን ባየ ጊዜ ቁመናው ማርኮት ነበር። ሳኦልም ከሕዝቡ ሁሉ በትከሻ የሚበልጥ ነበር (1ሳሙ. 10፥23)፤ ፍጻሜውን ግን እናውቃለን።

በቤተ ክርስቲያናችንስ?

ወገኖች፥ ስታዲየሙ ላይ የሚጮኸውን ሕዝብ መውቀስ ቀላል ነው። እኛስ? አንድ ልጅ በ18 ዓመቱ ድምፁ ያማረ እንደሆነ ወዲያው መድረክ እንሰጠዋለን። ጸሎቱ የሞቀ እንደሆነ ከአገልግሎት ስም በላይ የሆነ ስም እናወጣለታለን። ፎቶው በፖስተር ላይ ይወጣል፣ ከከተማ ከተማ ይጋበዛል። ከዚያ በአንድ ቀን ሲሰናከል ደግሞ የመጀመሪያውን ድንጋይ የምንወረውረው እኛው ነን። ስንቶቹን በዚህ መንገድ አጥተናል! በሌላ በኩል ደግሞ ዝም የሚሉትን፣ አማርኛቸው የሚንተባተበውን፣ በኋላ ወንበር የሚቀመጡትን በውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችንን ገና ሳናውቃቸው አይሆኑም ብለን አልፈናቸዋል። ሁለቱም ያው አንድ ኃጢአት ነው፤ ሳይመሽ መፍረድ ነው።

ቃሉ መንገዱን አሳይቶናል፦

1. ሳይፈተን አይሾም። ጳውሎስ አዲስ አማኝ በትዕቢት ተነፍቶ እንዳይወድቅ ለመሪነት አይመረጥ ይላል (1ጢሞ. 3፥6)። ዲያቆናትም አስቀድመው ይፈተኑ ይላል (1ጢሞ. 3፥10)። እጅ ለመጫንም መቸኮል የለብንም (1ጢሞ. 5፥22)። ዳዊት ከተቀባ በኋላ ወደ በጎቹ ተመለሰ፤ የነገሠው በ30 ዓመቱ ነው (2ሳሙ. 5፥4)። አንድ ወጣት ከታላላቆቹ ጀርባ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ቢማር ጸጋው አይባክንም።

2. ከፊቱ የሚቆም አጥር ይኑረው። ወጣቱን አገልጋይ ብቻውን ወደ ሜዳ ልከን ሲወድቅ መጮህ ፍትሕ አይደለም። የሚጸልዩለት፣ የሚመክሩት፣ ሲሳሳት ለብቻው ጠርተው የሚያርሙት ሽማግሌዎች ሊኖሩት ይገባል። ሽማግሌዎች ሆይ፥ በጉባኤያችሁ ወጣት አገልጋይ ሲወድቅ አስቀድማችሁ፦ እኛ የት ነበርን? ብላችሁ ጠይቁ።

3. የወደቀውን አንቅበረው። ዮሐንስ ማርቆስ በመጀመሪያው ጉዞ ከመንገድ ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። ጳውሎስ ዳግመኛ ሊወስደው አልፈቀደም፤ በዚህም ከበርናባስ ጋር እስኪለያዩ ድረስ ተከራከሩ (ሐዋ. 15፥37-39)። በርናባስ ግን ያንን ልጅ ይዞት ሄደ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጳውሎስ ራሱ በእስር ቤት ሆኖ፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ማርቆስን አምጡልኝ ብሎ ጻፈ (2ጢሞ. 4፥11)። በርናባስ ባይኖር ኖሮ የጳውሎስ የመጀመሪያ ፍርድ የመጨረሻ ፍርድ ይሆን ነበር።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። የአርች አባት ኩፐር ማኒንግም በወጣትነቱ ተስፋ የተጣለበት ተጫዋች ነበር። ኮሌጅ እንደገባ በአከርካሪው ሕመም ምክንያት ጨዋታው ገና ሳይጀመር ቀረ። ሕይወቱ ግን አልቀረም፤ ቤት መሠረተ፣ ልጆች አሳደገ። ልጃችሁ እናንተ ያሰባችሁለትን ሐኪምነት ወይም መሐንዲስነት ባያገኝ የእግዚአብሔር ዓላማ ከእርሱ ሄደ ማለት አይደለም። ውጤት ይዞ ሲመጣም ሳይዝ ሲመጣም ልጃችሁ መሆኑን ከአፋችሁ ይስማ።

አርች ማኒንግ ከእንግዲህ ታላቅ ይሁን አይሁን ጊዜ ያሳየናል፤ የእኛም ጉዳይ አይደለም። የእኛ ጉዳይ በየአጥቢያችን የተቀመጡት ወጣቶች ናቸው። በሚመጣው እሑድ ከመካከላቸው አንዱን፣ በተለይም ማንም ተስፋ የማያደርግበትን፣ በስሙ ጠርታችሁ እንዴት ነህ በሉት። ከቻላችሁም ቡና ጋብዙትና ስሙት። በርናባስም የጀመረው እንዲሁ ከአንድ ልጅ ነውና።

የትዕግሥትና የመጽናናት አምላክ ትዕግሥቱን ያብዛልን። ተባረኩ።