ማከምና ማሰር ስለ መለየት

በጎንደር ከተማ በፒያሳ መንገድ አእምሮው የታወከ ሰው ብቅ ሲል ሕዝቡ ከብቦ ይስቃል፤ ልጆችም ድንጋይ ይወረውራሉ። የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል የተባለው ተረት በእኛው ተፈጸመ። ያው ሰው ሳይወድ በዘመዶቹ እጅ ተይዞ ሆስፒታል የገባ እንደ ሆነ ግን፤ ሲስቅ የነበረው ሁሉ በድንገት አዛኝ ይሆንና «ምን በደለና አሳሰሩት? እዚያ የገባስ መቼ ይወጣል?» ይላል። ይህ ርኅራኄ አይደለም፤ አለማወቅ ነው።

አለማወቁም እንዲህ ይገለጣል። ሐኪም ጥቂት ቀን ቢይዘው እስራት ይባላል፤ ዘመድ በጓዳ ወይም በጠበል አጠገብ እግሩን በሰንሰለት ጠፍሮ ዓመታት ቢያኖረው ግን ጥበቃ ይባላል። አንባቢ ሆይ፤ ሁለቱን በሚዛን እናስቀምጣቸው። በሐኪም እጅ ያለው ይመረመራል፤ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ሲሻለውም ይወጣል። በጓዳ ያለው ግን መርማሪ የለውም፤ ቀንም አልተቈረጠለትም። ሰንሰለቱ ሕመሙን ከዓይናችን ይሰውረዋል እንጂ አይፈውሰውም።

«ክፉ መንፈስ ያደረበትን ሳያስሩ እንዴት ይጠብቁታል?» የሚል ቢኖር የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 5ን ይመልከት። በመቃብር ይኖር የነበረው ያ ሰው ብዙ ጊዜ በእግር ብረትና በሰንሰለት ታስሮ ነበር፤ ሰባበረው እንጂ አልዳነበትም። ጌታ ከፈወሰው በኋላ ግን ልብስ ለብሶ፤ ልቡናው ተመልሶለት ተቀመጠ፤ ወደ ቤቱም ተሰናበተ። እንግዲህ የፈውስ ፍጻሜው ወደ ቤት መመለስ ነው። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመነ ፕትርክናቸው ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ተናግረዋል። ይህ ትምህርት አእምሮው ለታመመው ስለ ምን ይከለከላል?

ይህን ስንል ግን ሐኪም የያዘውን ሁሉ ያለ ወሰን ይያዝ ማለታችን አይደለም። የሕዝቡም ፍርሃት ከባዶ አልመጣም፤ በብዙ አገር እብድ ቤት የገባ ዕድሜውን በዚያው ይጨርስ ነበር። ጎንደርን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ይዘው ፒያሳ የሚለውን ስም የተዉልን ኢጣልያኖች በአገራቸው ይህን ክፉ ልማድ በ1970 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ሻሩ። በዚያ ሕግ መሠረት፤ በሽተኛው ሳይወድ የሚታከመው ሐኪሞች ምክንያቱን ጽፈው የከተማው ሹም ሲያዝዝ ነው፤ ነገሩም በ48 ሰዓት ውስጥ ለዳኛ ይነገራል፤ ካልታደሰም በቀር በ7 ቀን ያበቃል።

በእኛም አገር የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ማንም ሰው ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ ነፃነቱን እንዳያጣ ይከለክላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቊጥር 342፤ ነዋሪዋ ከ2000 በታች በሆነች መንደር ቤተ ሰብ በሽተኛውን እየጠበቀ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክለው፤ እብደቱ እንደ ታወቀ ይቈጠራል ይላል። ነገር ግን የዚህ ጥቅሙ በሽተኛው በሕመሙ ሳለ ያደረገው ውል እንዲፈርስ መንገድ ለመክፈት ነው፤ ለዘመድ የሰንሰለት ፈቃድ ለመስጠት አይደለም።

እንግዲህ ማከምን ከማሰር የሚለዩት ጥያቄዎች አራት ናቸው። ማን ያዘው? ስለ ምን ያዘው? እስከ መቼ? ይፈታ ዘንድ አቤት የሚባለውስ ለማን ነው? መልስ ያለው መያዝ ሕክምና ነው፤ መልስ የሌለው በሆስፒታል ቢሆን፤ በጠበል ቢሆን፤ በእናት ቤትም ቢሆን እስራት ነው።

ካህናት አባቶች ሆይ፤ በሰንሰለት የተጠፈረ ሰው ወደ ጠበል ሲመጣ እነዚህን አራቱን ጠይቁ። የንስሓ ልጆቻችሁ ሐኪምን ይፈራሉ፤ እናንተን ግን ይሰማሉ። በ1947 ዓ.ም. ከተመሠረተው የጤና ኮሌጅ ባደገው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ በሽተኛው አዲስ አበባ ድረስ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ካልሄደ በቀር የሚታከምበት የለም አይባልም። መስቀላችሁን አሳልማችሁ ወደ ሐኪም ምሩት፤ ሰንሰለቱንም አስፈቱት።