የጎረቤት ሐቅ በካርታም ላይ አለ



ጀርመንና ስዊዘርላንድ ላውፈንቡርግ ላይ ድልድይ ሲሠሩ፣ አንዷ ከፍታን የምትለካው ከሰሜን ባሕር፣ ሌላዋ ከሜዲትራኒያን ተነስታ ነበር። የ27 ሴንቲ ሜትሩን ልዩነት ያውቁታል፤ ማስተካከያውን ግን በተቃራኒው አስገቡትና ሁለቱ ወገን በ54 ሴንቲ ሜትር ተበላለጠ።

ድልድይስ ይታረማል። ወንዝና ሐይቅስ? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 «ኢንስፓየር» የተባለውን ሕግ ያወጣው ለአካባቢ ጥበቃ ብሎ ነው። አባል አገራት የውሃ፣ የአፈርና የመሬት አጠቃቀምን ጨምሮ በ34 ዘርፎች ያላቸውን መረጃ በአንድ ስልት አዘጋጅተው እንዲጋሩ ያስገድዳል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የቱርካና ሐይቅ አብዛኛውን ውሃ የሚያገኘው ከኦሞ ነው። የእኛ ካርታዎች መነሻ ግን «አዲንዳን»፣ የኬንያ ነባር ካርታዎች መነሻ «አርክ 1960» ነው። ሳይቀይሩ ቢደራርቧቸው ወንዙ ድንበሩ ላይ በመቶዎች ሜትር ይዛነፋል። በዚህ ተይዞ ስለ ጎርፍና ስለ ዓሣ እንዴት መስማማት ይቻላል?

«መረጃ የአገር ምስጢር ነው» የሚል አይጠፋም። የወታደሩ ይጠበቅ፤ የዝናብና የወንዝ ልኬት ግን መድረሳ የተማርነው የጎረቤት ሐቅ ነው።

ከራሳችን እንጀምር። ከቀደመ ተመራቂ የተቀበልኩት የከፍታ ልኬት መነሻው ስላልተጻፈበት ሦስት ሳምንት ደግሜ ስለካ ቆይቻለሁ። የመመረቂያ ጥናታችሁን ልኬት ላፕቶፕ ውስጥ አትቅበሩት፤ መነሻውን፣ ቀኑንና መሣሪያውን ጽፋችሁ ለዲፓርትመንታችሁ አስረክቡ። ልኬት አማና ነው።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን። ኣሚን።