ማሆጋኒን ነጭ የመቀባት አባዜ

እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካዋ ካምደን ከተማ የነበረው የቪክተር ኩባንያ የሸክላ ማጫወቻውን ጡሩምባ ቁምሳጥን ውስጥ ደብቆ ለገበያ አቀረበ። ስሙን ቪክትሮላ፣ ዋጋውን 200 ዶላር አለው። ከሳሎን ዕቃ ጋር የሚስማማ፣ እንግዳ ሲመጣ የማያሳፍር ማጫወቻ ነበር የተፈለገው። ዛሬ ያ ዕቃ ነጭ ወይም ውሃ ሰማያዊ ቀለም ተለቅልቆ ለሽያጭ ይወጣል። ሻጩም “ታድሷል” ይላል። አልታደሰም፤ ተበላሽቷል።

ጉዳቱ መልክ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ቪክትሮላ የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፍ የለውም። ድምፁ የሚወጣው ከፊት ባሉት ትንንሽ በሮች በኩል ነውና ሞቅ እንዲል በሮቹን መክፈት፣ ቀዝቀዝ እንዲል ገርበብ ማድረግ ነው። ቀቢው ማጠፊያውን ከነብሎኑ፣ በሩን ከነጠርዙ ሲለቀልቀው በሩ ይጣበቃል። ክዳኑ ውስጥ ያለው የኩባንያው ምልክትም አብሮ ይጠፋል።

መመለሻው ደግሞ መከራ ነው። የዚህ ዕቃ ገጽ ብዙውን ጊዜ በሌላ እንጨት ላይ የተለጠፈ ስስ የማሆጋኒ ልባጥ ነው፤ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ ያለ ሰው ልባጡን ጨርሶ ከሥሩ ያለው እንጨት ላይ ይደርሳል። ኦክ ከሆነ ቀለሙ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ይሰርግና የቱንም ያህል ቢጠረግ ነጭ ነጠብጣቡ አይለቅም። አሜሪካ ሊድ ያለበትን የቤት ቀለም በ1978 ከማገዷ በፊት የተቀባ ከሆነ ደግሞ ይህ መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙ ለጤናም አይበጅም።

ቀቢዎች “ጠቁሮ፣ ተሰነጣጥቆ ነበር” ይላሉ። የጠቆረው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ሳይሆን ቫርኒሹ ነው። የዚያ ዘመን ቫርኒሽ በብዛት ሼላክ ነበር፤ ላክ የሚባሉ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ የሚሠራ፣ አልኮል የሚያሟሟው። የዱሮዎቹ ሸክላዎችም የተሠሩት ከዚሁ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት ነው። አልኮል የነካ ጥጥ ማንም በማያየው ጥግ ላይ ሲታሽ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ሼላክ ነው፤ ባለሙያ ቀለም ሳይነካ ያድሰዋል።

ቀለም ሁሉ ጥፋት ነው ማለት ግን አይደለም። ቪክተር ራሱ በልዩ ትእዛዝ ባለሥዕል ቪክትሮላ ይሠራ ነበር። ፔንሲልቬኒያ የሰፈሩ ጀርመኖች ያስጌጡትን ባለአበባ ሳጥን መላጥም ያው ግፍ ነው። ለነገሩ በቪክተር ምልክት ላይ ማጫወቻ የሚያዳምጠው የዝነኛው ውሻ ሥዕልም ተደርቦበት የተቀባ ነው፤ ሠዓሊው ፍራንሲስ ባሮ መጀመሪያ የሣለው የኤዲሰን ዓይነት ፎኖግራፍ ነበር፤ በ1899 የግራሞፎን ኩባንያ ሊገዛው ሲል በኩባንያው ማጫወቻ ለወጠው። ልዩነቱ፣ ደርቦ የቀባው ሠዓሊው ራሱ መሆኑ ነው።

ነጭ ዕቃ የሚወድ ሰው ነጭ ይግዛ፤ ገበያው ኤምዲኤፍ ሞልቶታል። ከአያቱ የወረሰው ቁምሳጥን ወይም የሸክላ ማጫወቻ ያለው አንባቢ ግን ብሩሽ ከማንሳቱ በፊት በጥጥና በአልኮል ይሞክረው፤ ካልሆነም የድሮ ዕቃ ለሚያውቅ አናጢ ያሳየው።